ውጩ አሮ ውስጡ ጥሬ የሚቀር ፍሬንች ቶስት

ጥያቄ፦ «ክሪም ቺዝና የእንጆሪ ማርማላታ በመሃሉ የያዘ ፍሬንች ቶስት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ዳቦውን በወፍራሙ እቆርጥና በጎኑ ኪስ አውጥቼለት እሞላዋለሁ። 2 እንቁላል ከአንድ ኩባያ ተኩል ወተትና ከ3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር እመታለሁ። ብዙ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል ስለሚባል ዳቦውን 10 ደቂቃ ያህል እዘፈዝፈዋለሁ። ስጠብሰው ግን ውጩ ይጠቁራል፣ ውስጡ እንደረጠበ ነው፣ ክሪም ቺዙም ገና ቀዝቃዛ ነው። አንዳንዴ መሙያው መጥበሻው ላይ ፈስሶ ያራል። እሳቱን ልጨምር ወይስ ልቀንስ? ኦቭን የግድ ያስፈልጋል? ማታ አዘጋጅቼ ጠዋት ብጠብሰውስ?»

ምላሽ፦ እሳቱን አይጨምሩ። መቀነስ አለብዎት፤ ግን እሳት በመቀነስ ብቻ ይህ ምግብ አይስተካከልም። አሁን በሚሠሩበት አካሄድ እሳቱን ብቻ ቢቀንሱት ውጩ ከማረር ይድናል፣ መሃሉ ግን ያው እንደረጠበ ይቆያል። እስኪበስል ልጠብቅ ካሉ ደግሞ ፊቱ መጥበሻው ላይ ብዙ ቆይቶ ይጠነክራል። ጥፋቱ የተሠራው መጥበሻው ከመጣዱ በፊት ነው፦ ዳቦው ወፍራም ነው፣ ፈሳሹ በዝቷል፣ እንቁላሉ አንሷል፣ መሙያውም ከፍሪጅ እንደወጣ ገብቷል። አራቱም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ መሃሉ ሳይሞቅ የውጩ ጊዜ ያልቃል።

መጥበሻ ላይ ያለ ዳቦ ሙቀት የሚያገኘው ብረቱን በነካው ፊቱ በኩል ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በዝግታ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ መሃል ለመድረስ የሚፈልገው ጊዜ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በ4 ሳንቲ ሜትርና በ3 ሳንቲ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ትንሽ ቢመስልም ለመጥበሻው ትልቅ ነው። መሃሉ ደግሞ ለብ ማለቱ አይበቃውም። ዳቦው የጠጣው የእንቁላልና የወተት ውህድ ረግቶ ለስላሳ እንዲሆን ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠጋት አለበት። እንቁላል ለብቻው ከዚያ ባነሰ ሙቀት መርጋት ይጀምራል፤ ወተትና ስኳር ሲገባበት ግን ፕሮቲኖቹ ይራራቃሉና ተያይዘው ለመርጋት የበለጠ ሙቀት ይጠይቃሉ። ውጩን እንይ። ፊቱ ላይ ያለው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ውሃው ሲያልቅ በፍጥነት ይወጣል። 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፕሮቲኑና ስኳሩ ተገናኝተው ያን ወርቃማ ቀለምና መዓዛ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ወደ ማረር ያለው መንገድ አጭር ነው። ሥራው ሁሉ እነዚህን ሁለት ጊዜዎች ማገናኘት ነው፤ ፊቱ ቡናማ ሲሆን መሃሉም የረጋ እንዲሆን።

አሁን ወደ መዘፍዘፉ ልምጣ፤ ከተሳሳቱት ነገሮች ሁሉ ዋናው እሱ ነውና። ረጅም ጊዜ የተዘፈዘፈ ዳቦ ይለሰልሳል የሚባለው እውነት ነው፤ የሚለሰልሰው ግን ከመብሰሉ በፊት ነው። ተጨማሪ የገባው ፈሳሽ ሁሉ መሞቅና መርጋት አለበት፣ ካልረጋ ዳቦው ውስጥ እንደ ፈሳሽ ይቀራል። በእርስዎ ልኬት አንድ ኩባያን 240 ሚሊ ሊትር ብንለው፣ ለአንድ እንቁላል 180 ሚሊ ሊትር ወተት ይደርሰዋል። ይህ በዝግታ በኦቭን ለሚበስል ክሬም ሊሆን ይችላል፤ በጥቂት ደቂቃ መጥበሻ ላይ ለሚያልፍ ዳቦ ግን ቀጭን ነው። እኔ የምሰጥዎት ልክ ለአንድ እንቁላል 60 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ማለትም ሩብ ኩባያ ነው። በዚህ ልክ የተሠራ ውህድ ወፈር ያለ ስለሆነ ዳቦው ውስጥ ቶሎ ይረጋል፤ መሙያው የሚወጣበትን ጠርዝም ያጣብቃል። መንከሩም በአንድ ፊት ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ይበቃዋል። በስሱ የተቆረጠ፣ ቀድሞ የተከተፈ የቶስት ዳቦ ከሆነ 10 ሰከንድ እንኳ አያስፈልገውም።

ያረጀ ዳቦ ይሻላል የሚለውም ወግ ማብራሪያ ይፈልጋል። በላስቲክ ተጠቅልሎ ለቀናት የቆየ ዳቦ ጠንከር ይላል እንጂ አልደረቀም። የጠነከረው በውስጡ ያለው ስታርች ተመልሶ ስለተደራጀ ነው፤ ውሃው ግን በአብዛኛው እዚያው አለ። እኛ የምንፈልገው ቦታ የለቀቀ ዳቦ ነው፣ ውሃው ወጥቶ በምትኩ ውህዱ የሚገባበት። ስለዚህ ትኩስ ዳቦም ቢሆን ከተቆረጠ በኋላ በ150 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንዴ ተገልብጦ ቢቆይ ካረጀው ዳቦ የተሻለ ይሆናል። ቀለም እንዲይዝ አይደለም፤ ፊቱ ሲነካ ደረቅ፣ መሃሉ ሲጫኑት ገና ለስላሳ ሲሆን ያውጡት። ኦቭን ከሌለ ቁራጮቹን ሳይደራረቡ ሌሊቱን ሳይሸፍኑ መተው ይቻላል፤ ለዛሬ የሚያስፈልግዎት ከሆነ ደግሞ ቅባት በሌለው መጥበሻ በትንሽ እሳት በየፊቱ ጥቂት ደቂቃ ማድረቅ ያስኬዳል።

የዳቦው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። እንቁላልና ቅቤ የገባበት ብሪዮሽ ዓይነት ዳቦ ለዚህ ምግብ ተመራጭ ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ ጥቅጥቅ ባለ ስስ ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ውህዱን እኩል ይጠጣል፣ ሲነሳም አይበጣጠስም። የራሱ ስኳር ስላለው ግን ቶሎ ይጠቁራል፤ እሳቱ ከዚያው ጋር ዝቅ ማለት አለበት። ተራ ነጭ ዳቦ፣ ሳይከተፍ እንደ ሙሉ የተገዛ፣ በደንብ ይሠራል። ቀዳዳው ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ቅርፊቱ ወፍራም ዳቦ ለብቻው ሲበላ ይጣፍጥ ይሆናል፤ እዚህ ግን መሙያው በቀዳዳው በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ ቅርፊቱም ፈሳሽ ስለማይጠጣ ጥርስን ያታግላል። ካልተፈተገ እህል የተጋገረ ዳቦ የሚወዱ ሰዎች ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ፈሳሹን ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ መንከሪያውን ጥቂት ሰከንዶች ይጨምሩለት።

ስለ ኪሱ በግልጽ ልናገር፦ ይተዉት። ኪስ የሚያምር ሐሳብ ነው። መሙያው በሦስት በኩል ተዘግቶ ስለሚቀመጥ በመርህ ደረጃ አይፈስም። ነገር ግን ኪስ ለማውጣት ዳቦው ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ቢላዋው ትንሽ ካዘነበለ አንዱ ግድግዳ ይሳሳና እዚያ በኩል ይቀደዳል። መሙያውን በማንኪያ ሲገፉት ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል፤ በመሃሉ ላይ ወፍራም ቀዝቃዛ ጓል ይሠራል። ወጥ ቤት ውስጥ ኦቭን ተሞቆ በተጠንቀቅ ላለበት፣ እጁም ለለመደ ባለሙያ ይሆናል። ቀላል ነገር ለሚፈልግ ሰው የሚሻለው ሳንድዊች ነው፤ እያንዳንዳቸው 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆኑ ሁለት ቁራጮች፣ በመሃላቸው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ መሙያ። መሙያውን በሁለቱም ቁራጮች ውስጠኛ ፊት ላይ በስሱ ይቀቡትና በዙሪያው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ጠርዝ ይተዉ። ማርማላታው ከክሪም ቺዙ በላይ በመሃል ብቻ ይቀመጥ፤ ክሪም ቺዙ በሁለቱም በኩል ከቦት ዳቦው ማርማላታውን እንዳይጠጣ ይከላከላል። ከዚያ ይግጠሟቸውና ጠርዙን በጣት ጫን ጫን ያድርጉ። የተተወው ባዶ ጠርዝ ውህዱን ሲጠጣና ሲጠበስ እንቁላሉ ራሱ ያጣብቀዋል። ሌላ ማጣበቂያ አያስፈልገውም፣ በእንጨት መሰኪያ መውጋትም አያስፈልግም።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ቅርፊቱ የተነሳለትን የቶስት ዳቦ በመዳመጫ ጠፍጠፍ አድርጎ፣ መሙያ ቀብቶ መጠቅለል። ቀጭን ስለሆነ በፍጥነት ይበስላል፣ ልጆችም ይወዱታል። ለስላሳ ውስጥ ግን አይጠብቁበት፤ ዳቦው ተጨፍልቋልና።

ለአራት ሳንድዊች የሚሆነው ልክ ይህ ነው፦ 4 እንቁላል፣ 240 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ። ስኳሩን ከ3 ወደ 1 ያወረድኩት ለጤና ብዬ አይደለም። ውህዱ ውስጥ ካለው ስኳር ፊቱ ላይ የሚቀረው ከመጥበሻው ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ መጀመሪያ የሚያረውም እሱ ነው። ጣፋጭነት ከፈለጉ ከላይ ይጨምሩ፣ ወይም መሙያው ውስጥ ያስገቡ። ጨውን አይዝለሉት፤ ያለ ጨው የእንቁላሉ ሽታ ጎልቶ ይወጣል።

አመታቱ ቅደም ተከተል አለው። ቀረፋ ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋል፤ መጨረሻ ላይ ከጨመሩት የመጀመሪያው ቁራጭ ሁሉንም ይዞ ይወጣና ሌሎቹ ያለ ቀረፋ ይቀራሉ። ስለዚህ ቀረፋውን፣ ስኳሩንና ጨውን በደረቁ ያደባልቁ፣ እንቁላሉን በዚያ ላይ ሰብረው ነጩና አስኳሉ እስኪዋሃዱ ይምቱ፣ ወተቱን ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ያስገቡ። ወተት ውስጥ የሚንሳፈፍ እንቁላል መምታት አስቸጋሪ ነው፣ የነጩ ክር ሳይበተን ይቀራል። ፍሬንች ቶስት ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው ነጭ የእንቁላል ቅዳጅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጊዜ ካለዎት በወንፊት ያጥልሉት። አረፋ እስኪያወጣ መምታት ግን ጥቅም የለውም፤ አረፋው ዳቦ ውስጥ አይገባም።

መሙያው ላይ ሰዎች ብዙ ስለሚፈላሰፉ እኔም ጥቂት ልቆይበት። ለአራቱ ሳንድዊች 150 ግራም ሙሉ ስብ ያለው ክሪም ቺዝ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ስኳርና ትንሽ የሎሚ ልጣጭ ፍቅፋቂ በቂ ነው። ክሪም ቺዙን ከግማሽ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ ያውጡት። ከ4 ዲግሪ ተነስቶ የሚሞቅና ከ20 ዲግሪ የሚነሳ መሙያ እኩል አይደርሱም፤ ከዚህም ሌላ የለሰለሰው ዳቦውን ሳይቀድ ይቀባል። መሙያው እንዳይፈስ ቀድሞ ማቀዝቀዝ ወይም በረዶ ማድረግ የሚመክሩ አሉ። በዘይት ተጥለቅልቆ ለሚጠበስ ነገር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ግን እርስዎ የሚያማርሩበትን ችግር ራሱን መግዛት ነው። እንዳይፈስ የሚያደርገው ስስ መቀባቱና የተተወው ጠርዝ ነው። ስቡ የተቀነሰ ክሪም ቺዝ ውሃ ስለሚበዛበት ሲሞቅ ይቀጥናል። ሪኮታ የሚባለውን ለስላሳ የጣሊያን አይብ ከመረጡ በንጹህ ጨርቅ ወይም በወንፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ያንጠፍጥፉት። ከክሬም የሚሠራው የጣሊያን አይብ ማስካርፖኔ ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ግን በቀላሉ ይቀልጣል፤ ከክሪም ቺዝ ጋር ግማሽ ለግማሽ ቢያደርጉት ይሻላል።

ማርማላታው ወፍራም ይሁን፤ ለአንዱ ሳንድዊች 2 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ማንኪያ ላይ ሲዘቀዝቁት የሚፈስ ከሆነ በትንሽ ድስት ጥቂት ደቂቃ አንተክትከው ያቀዝቅዙት። ትኩስ እንጆሪን ቆራርጦ ውስጥ መክተት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ስኳርና ሙቀት ሲያገኘው ውሃውን ይለቅና ከውስጥ በኩል ዳቦውን ያረጥበዋል። እንጆሪው ከላይ ይሁን፣ ከውስጥ ማርማላታው ይበቃል። ሙዝ ግን ውስጥ ይገባል፤ የበሰለ ሆኖ ገና ጠጣር የሆነውን በስሱ ቆርጠው በአንድ ረድፍ ይደርድሩት። የሚቀባ ቸኮሌት የሚወዱ ከሆነ ብቻውንም ሆነ ከሙዝ ጋር ይሠራል፤ መጥበሻው ላይ ከወጣ ግን ከሁሉም ፈጥኖ የሚያረው እሱ ነው፣ ስለዚህ ጠርዙን ሰፋ አድርገው ይተዉለት።

ሳንድዊቾቹ ከተዘጋጁ በኋላ ውህዱን ሰፋ ባለ ዝርግ ሳህን ላይ ያፍስሱት። ጥልቅ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ሲነክሩ ዳቦው ይታጠፋል፣ ያኔ ይከፈታል። በአንድ ፊት አስቀምጠው እስከ 40 ሰከንድ፣ በሁለት እጅ ወይም በሰፊ መገልበጫ ደግፈው ያዙሩ፣ ሌላውን ፊት እንደዚያው፣ ከዚያ አራቱን ጠርዞች አንድ ጊዜ ነካ ነካ። ሲያነሱት የተትረፈረፈው እስኪንጠባጠብ ትንሽ ይያዙት። ሁሉንም ነክረው አይደርድሩ፤ መጥበሻው የሚይዘውን ያህል ብቻ ይንከሩ።

ቅባቱን በተመለከተ «ቅቤው እንዳያር ዘይት ጨምሩበት» የሚባለው ምክር የሚታሰበውን ያህል አይረዳም። ቅቤ ውስጥ የሚያረው ስቡ አይደለም፤ በውስጡ ያለው የወተት ፕሮቲንና ስኳር ነው። ዘይት ቢገባበትም እሱ እዚያው ነው፤ በመጠን ከመሳሳቱ በቀር ባህሪው አይለወጥም። ቅመም የሌለው የተነጠረ ቅቤ ካለዎት ጥያቄው ያበቃል፤ የሚያረው ነገር ተነጥሎ ወጥቷልና። ከሌለዎት መጥበሻውን በስሱ ዘይት ቀብተው ይጀምሩና ዳቦውን ገልብጠው ሁለተኛው ፊት ቀለም መያዝ ሲጀምር ትንሽ ቅቤ በጎን ጣል ያድርጉ። መዓዛው ይገባል፣ ለማረር ጊዜ አያገኝም። በየዙሩ መካከል መጥበሻውን በወረቀት መጥረግም ዋጋ አለው፤ ሁለተኛው ዙር ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ዙር የተረፈ ነው።

እሳቱ ከመካከለኛ ዝቅ ያለ ይሁን። መጥበሻውን ሳያስቸኩሉ ያሙቁት፤ የውህዱ ጠብታ ሲነካው ቀስ ብሎ የሚንሸሸሽ ከሆነ ልክ ነው፣ ወዲያው ቡናማ ከሆነ ግን በዝቷል። በአንድ ፊት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ ሳይነካኩት። በመገልበጫ አይጫኑት። ሲጫኑት የሚወጣው ገና ያልረጋ ውህድና መሙያ ነው፤ ያ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ጫና ይፈሳል። አንዴ ብቻ ይገልበጥ።

ኦቭን የግድ አይደለም፤ ካለዎት ግን ይጠቀሙበት፣ አካሄዱንም ቀላል የሚያደርገው እሱ ነው። በመጥበሻው ላይ ሁለቱ ፊቶች ቀለም ሲይዙ ቀድሞ ወደ ሞቀ 180 ዲግሪ ኦቭን አስገብተው ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ያቆዩት። ኦቭን ሙቀቱን ከሁሉም አቅጣጫ በእኩል ስለሚሰጥ መሃሉ ሲበስል ፊቱ ተጨማሪ ጉዳት አይደርስበትም። ትሪው ላይ የሽቦ ፍርግርግ ቢኖር ከታች በእንፋሎት አይርስም። ለብዙ ሰው ሲሠሩም ይኸው ይገላግልዎታል፤ ሁሉንም ቀለም አስይዘው በአንድ ጊዜ ያስገቧቸዋል። ኦቭን ከሌለዎት ሁለተኛውን ፊት ከገለበጡ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርገው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ መጥበሻውን ይክደኑ። ክዳኑ እንፋሎቱን ይዞ መሃሉን ያሞቀዋል። የመጨረሻውን አንድ ደቂቃ ክዳኑን ያንሱ፤ አለበለዚያ ፊቱ ላይ የታፈነው እንፋሎት ያለሰልሰውና ጥርት ያለ ቅርፊቱ ይጠፋል።

መብሰሉን በቀለም አይፍረዱ፤ እርስዎን እስካሁን ያሳሳተዎት ቀለሙ ነው። መሃሉን በጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳና በጠርዙ ፈሳሽ የማይወጣ ከሆነ ደርሷል። የምግብ ቴርሞሜትር ካለዎት በጎን በኩል እስከ መሃል ያስገቡት። 71 ዲግሪ ለደኅንነት ሲባል ከዚያ መውረድ የሌለበት መጠን ነው፣ እንቁላል ላይ ሊኖር የሚችለው ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የሚጠፋበት። 80 አካባቢ ሲያነብ ደግሞ ውስጡ በደንብ የረጋ ይሆናል። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች ከሚበሉት ጋር በተያያዘ ይህ የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ መሃሉ የረጠበውን አይስጧቸው። ትኩሱን ወዲያው አይንከሱት፤ ማርማላታው ከዳቦው በላይ ሙቀት ይዞ ይቆያልና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይረፍ።

ማታ ስለማዘጋጀት፦ ሳንድዊቹን ሞልቶ፣ ሳይነክሩ፣ በደንብ ሸፍኖ ፍሪጅ ማሳደር ይቻላል። ውህዱንም ለብቻው መትቶ በተዘጋ ዕቃ ፍሪጅ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጠዋት ቀረፋው ከፈሳሹ ስለሚለያይ ደግመው ይምቱት። ያደረው መሙያ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ሳንድዊቹን 20 ደቂቃ ቀድመው ያውጡ፣ ኦቭን ውስጥም ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምሩለት። ነክሮ ማሳደር ግን ለመጥበሻ የሚሆን አይደለም። ሌሊቱን ፈሳሽ ሲጠጣ ያደረ ዳቦ ሲነሳ ይፈርሳል፤ የሚሆነው በኦቭን ዕቃ ውስጥ ተደርድሮ በ180 ዲግሪ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ሲጋገር ነው። እሱም ጥሩ ምግብ ነው፣ ከታች ለስላሳ ከላይ ቡናማ፤ እርስዎ የጠየቁት ግን እሱን አይደለም። በማንኛውም መንገድ ጥሬ እንቁላልና ክሪም ቺዝ ያለበትን ነገር ከ2 ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ውጭ አያቆዩ፤ ዳቦ ተነክሮበት የተረፈውንም ውህድ ለሌላ ቀን አያስቀምጡት።

ተጠብሶ የተረፈው ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ለየብቻው በረዶ አድርገው ከዚያ በከረጢት ቢያስቀምጡት ለአንድ ወር ያህል ጣዕሙን ይጠብቃል። ሲፈልጉ ሳያቀልጡ በ180 ዲግሪ ኦቭን እስኪግል፣ 15 ደቂቃ አካባቢ። ማይክሮዌቭ መሃሉን ያሞቀዋል፣ ዳቦውን ግን ጎማ ያደርገዋል።

ሁለት ገደቦችን ልጥቀስ። ወተቱን በዕፅዋት ወተት መተካት ቀላል ነው፤ የሚያረጋው እንቁላሉ ስለሆነ ውጤቱ ብዙ አይለይም፣ ስኳር የተጨመረበትን ከገዙ ብቻ ቶሎ ይጠቁራል። እንቁላሉን መተካት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለአለርጂ ሲባል የግድ ከሆነ ለ240 ሚሊ ሊትር ወተት 2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በጥብጦ መጠቀም ይቻላል፤ ከውጭ ጥሩ ቀለም ያወጣል፣ ውስጡ ግን ያን የረጋ ልስላሴ አያገኝም፣ ጠርዙም እንደ እንቁላሉ አጥብቆ አይጣበቅም። እንዲህ ሲሆን መሙያውን ከተለመደው በግማሽ ይቀንሱት።

በሚቀጥለው ጊዜ አራቱንም በአንዴ አይጠብሱ። አንዱን ብቻ ይጨርሱና መሃሉን ቆርጠው ይዩት። ከመሙያው አጠገብ ያለው ዳቦ ጨርሶ ደረቅና ነጭ ከሆነ ለቀጣዩ መንከሪያውን 10 ሰከንድ ይጨምሩ። ረጥቦ የሚያብረቀርቅ ከሆነ መንከሪያውን አይንኩት፣ የኦቭኑን ወይም የክዳኑን ጊዜ በ2 ደቂቃ ያራዝሙ። ዳቦው በስሎ መሙያው ብቻ ከቀዘቀዘ ቀሪዎቹን ሳንድዊቾች ሳይነክሩ ሩብ ሰዓት ከፍሪጅ ውጭ ያቆዩ። መሃሉ ደህና ሆኖ ፊቱ ከጠቆረ እሳቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይለውጡ፤ ሁለቱን አብረው ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አያውቁም።